ግርማ፣ ስፒከሮቹን ገጠምኳቸው

ግርማዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። የቡናው ለቀማ ዞሮ መጥቶ የሊሙ መኪኖች ጆንያ ጭነው በደጃችን ማለፍ ጀምረዋል። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ከሌንም አውልቄያለሁ። እረፍት ግን አላገኘሁም። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

ሱቅ ከፍቼ የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጥና ትንሽ ሰፍቼ እነሳለሁ። የደንበኛ ወገብ እየለካሁ ቁጥሩን እረሳና እንደገና እለካለሁ። ሴትየዋ ትታገሠኛለች፤ ሐዘኔን የሰፈራችን የመንደራ ቆጪ ሰው ሁሉ ያውቃላ። ቤት ስገባ ደግሞ ሶፋውን እገፋለሁ። ማታ መስኮቱ ሥር አድርጌው ጠዋት ወደ በሩ እመልሰዋለሁ። መንገዳችን ድንጋይ ተነጥፎለት ባጃጁ ሁሉ በእኛ በር ነው የሚያልፈው። አንዱ ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ማን ይመጣል ብዬ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እናትህ ከሊሙ ገነት ለለቅሶ እንደመጡ እኔው ዘንድ ቀርተዋል። ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሳሎኑ ነው።

ያንን ሳሎን በምን ሁኔታ ትተኸው እንደሄድክ ታውቃለህ። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹን ሞተርና ጄኔሬተር ስትጠግን ውለህ ማታ ስትገባ ወሬህ ሁሉ አንድ ነበር፤ በአንድ ክፍል ዘፈንም ፊልምም የሚያሰማ ነገር መሥራት። ለዘፈን ሁለት ስፒከር ይበቃል፣ ለፊልም ግን ከኋላም ከመሃልም ያስፈልጋል ትለኝ ነበር። ለምን ተገጣጥሞ የመጣውን ከሱቅ አንገዛም ብልህ፣ የፕላስቲክ ሳጥን ድምፁ ጣሳ ነው አልክ። አናጢው ጓደኛህ ነዚፍ ትልልቆቹን ሳጥኖች በዋንዛ እስኪሠራልህ ድረስ እንቅልፍ ነሳኸው። የፊታቸውን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወፍራም ነው፣ ድምፁን ያፍነዋል እያልክ ስንት ጊዜ አስፈታኸኝ! ሽቦውን ሁሉ ግድግዳ ውስጥ ቀብረህ፣ ለስነህ፣ ቀለም ቀባህበት።

ከዚያ የሸቤው ማጠቢያ ጣቢያ ጄኔሬተር ቆመ ተባለና ቶሎ እመለሳለሁ ብለህ ወጣህ። ስትመለስ ትንቀጠቀጥ ነበር። ወባ ነው ተባለ። ኪኒኑም መርፌውም አልመልስህ አለ። ሳምንት እንኳ አልሞላህም።

ለቀስተኛ ሲመጣ የሽቦዎቹ ጫፎች ከግድግዳው ወጥተው እንደተንጠለጠሉ ነበሩ። የነዚፍ ሳጥኖች አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ሰው ሳህንና ብርጭቆ ያስቀምጥባቸው ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ዋንዛው ላይ የውሃ ክብ ይቀርበታል ብዬ እብሰለሰል ነበር።

አርባህ እንዳለፈ እህትህ ጽጌ መጣች። ልጇ ሊሙ ገነት ላይ ቪዲዮ ቤት ሊከፍት ነው። ይህ ዕቃ እዚህ ተቀምጦ አቧራ ከሚጠጣ ለወንድሜ እንደ ልጁ ለነበረው ለልጄ ይሁን አለች። የሐዘን ቤት ዘፈን አያስፈልገው፣ ልጅ እንኳ አልወለዱ፣ ብቻዋን ምን ታደርግበታለች አለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ እውነቷን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ነጠላዬን ለብሼ ወጥቼ እስከ ሂርማታ ገበያ በእግሬ ሄድኩና ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ስገባ ጽጌ ገመድ ይዛ ቆማለች። እናትህ የአምፕሊፋየሩ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ጉልበታቸው እንዴት ዝቅ ብለው እንደተቀመጡበት አላውቅም።

«ሐዘኔ ልቤ ውስጥ ነው» አሏት። «ልጄ የጀመረው ነገር እኔ እያለሁ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም መንቀዥቀዡን ተዪና ጨርሺው፣ ያ ኢንታላ ኮ።» ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡ በኦሮምኛ እንደሚሉ አንተ ታውቃለህ።

ጽጌ ገመዷን ጠቅልላ ሄደች። ኋላ ታርቀናል፤ አታስብ። እናትህ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ ሙት ዓመትህ ሳይወጣ ከዚያ ሳጥን ዘፈን እንዳይሰማ። ስለዚህ ግርማዬ፣ የድምፅ ዕቃህን በዝምታ ነው የሠራሁት።

ነዚፍ መጥቶ ክብ ክቦቹን ስፒከሮች ሳጥኖቹ ላይ ገጠመልኝ። ብሎን ባጠበቀ ቁጥር አላህ ይርሐመው ይላል፤ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጭንቁ የመጣው በሽቦው ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የወጡት ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው። የትኛው ወደ የት እንደሚሄድ ምልክት አላደረግክባቸውም፤ እኔ አውቀዋለሁ ብለህ ነበርና። ግድግዳውን ልፈነቅለው ምንም አልቀረኝም። በኋላ አንድ ቀን የባትሪ ድንጋይ ይዘህ የሽቦውን ጫፍ ስትነካካ ማየቴ ትዝ አለኝ። ከእጅ ባትሪዬ አንዱን ድንጋይ አወጣሁና ሞከርኩ። ከወዲያ በኩል አንዱ ስፒከር ጠቅ አለ።

እናትህን መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔ እነካለሁ፤ ጠቅ ይላል፤ እሳቸው በእጃቸው ያሳያሉ። ኋላ፣ በጓዳው በኩል። ፊት፣ በመስኮቱ በኩል። እኔ በጨርቅ ቁራጭ ምልክት አስራለሁ። ዘፈን አይደለ፣ ኃጢአት የለበትም አሉ። ሁሉንም ካገኘን በኋላ እንኳ እስቲ ድገሚው እያሉ አስነኩኝ።

ሙት ዓመትህ ወጣ። መብራት በፈረቃ ስለነበር የእኛን ቀን ጠብቄ ዘፈን ከፈትኩ። ግርማ፣ አስጠላኝ። ድምፁ ቀጭን፣ ባዶ፤ ዘፋኙ ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም። እናትህ ጥሩ ነው አሉ፤ እኔ አላመንኩም። ሳጥኖቹን አራራቅኩ፣ አቀራረብኩ፣ ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ለሳምንት ያህል ሱቄን እየዘጋሁ እየመጣሁ ስገፋቸው ከረምኩ። በስፒከሩ ቀይና ጥቁር መግጠሚያ የሚገባው ሽቦ ከተገላበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል ያልከኝ የመጣልኝ ሱሪ እያሳጠርኩ ሳለሁ ነው። ሱሪውን ጥዬ ሮጥኩ። የግራውን ሳጥን ሽቦ ገልብጬ ስከፍተው ወለሉ ሥር የነበረ ነገር የተነሣ መሰለኝ። እናትህ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

በቀጣዩ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፊልም አስገባሁላቸው፤ ገዝተህ ያልከፈትከውን የሕንድ ፊልም። ሙዚቃው ቤቱን ሞላው። ልጅቱ አንድ ነገር ተናገረች። እናትህ ወደ እኔ ዞረው «ምን አለች?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር እግራቸው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠህ ፊልሙን የምትተርክላቸው አንተ ነበርክ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እየሰማሁ እስቅ ነበር እንጂ ነገሬም አላልኩት። አሁን ሕንድኛ አላውቅ፤ ከሥር የሚሮጠው እንግሊዝኛ ሳልጨርሰው ያልፋል። ጨንቆኝ ተነሣሁና የመሃለኛውን ስፒከር ማዞሪያ ዝቅ አደረግኩት። የተዋንያኑ ወሬ ብቻ ደከመ፤ ሙዚቃው እንዳለ ቀረ። የመሃሉ ለብቻው ማዞሪያ ይኑረው ብለህ ድርቅ ያልከው ለዚህ ነበር። ለአፍህ ቦታ እያዘጋጀህ ነበር። እኔ ግትርነት መስሎኝ።

ቋንቋውን አላውቀውም፣ እማማ፣ አልኳቸው።

«እሱስ የት ያውቀዋል?» አሉኝ። «አንዱን ፊልም ሁለቴ ሲነግረኝ ሌላና ሌላ ነበር። ዝም ብለሽ አውሪ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። በአንተ አፍ ማንም ሞቶ አያውቅም አሉ። በጥይት የወደቀውንም፣ ከገደል የተወረወረውንም፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰዱት ትላቸው ነበር አሉ። እያወቁ ዝም ይሉህ ነበር።

ስለዚህ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና አወራሁ። ያየሁትን በግምት፣ ያላየሁትን በፈጠራ። ወደ መጨረሻው ላይ ትልቁ ልጅ እናቱ እጅ ላይ ወደቀ። ሙዚቃው ከዋንዛው ሳጥን ውስጥ በቀስታ መጣ። እናትህ እንድነግራቸው እየጠበቁ እንደነበር አውቃለሁ። አዲስ አበባ ወሰዱት ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

«ሞተ፣ እማማ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ልነሣ ስል እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«እሺ» አሉ። «ከዚያስ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስኪያልቅ ነገርኳቸው። ለመጪው እሁድ ሌላ ፊልም ፈልጊ ብለውኛል።

ሰላም አገኘሁ ብዬ አልዋሽህም፤ ይህንንም ስጽፍ ስንቴ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። ግን ቃሌን ልስጥህ። በዚህ ቤት ስምህንም ሞትህንም የሚደብቅ አይኖርም። ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሞተ እለዋለሁ። ከዚያስ ካለኝም እስኪበቃው ድረስ እነግረዋለሁ።

ያንተው
አስቴር