የሙዲሩ ስም

መጋቢት፣ ሰኞ ጠዋት

ዛሬም የዳቦ ሰልፍ። ሰልፍ እንደምወድ ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ፤ ወሬ አይጠፋበትም። የዛሬው ግን! የመንግሥትን ዱቄት ማን ማን እንደሚበላው ስም እየጠሩ ያወራሉ። አንዱ ሙዲራችን፣ የመ/ቤቱ ኃላፊ! እዚህ ሱዳን፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ምግብ የማበስልለት ጌታዬ። ሳቄ እንዳይታይ ጣርሓዬን፣ የራስ ሻሼን፣ ወደ አፌ ሳብኩ። ወዲያው ደግሞ ፓስፖርቴ ትዝ አለኝ። ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ላሳድስልሽ ብሎ ፓስፖርቴን መ/ቤቱ ወስዶታል። ኢንሻላህ ይላል በየሳምንቱ።

ሐሙስ

ሐጃ፣ የሙዲሩ እናት፣ ስኳር ፍለጋ ጓዳ ገቡ። ጆንያ በጆንያ ላይ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ዱቄት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለገዢው ፓርቲ ዱዓ ያደረጉ ሴትዮ! ምሳ ላይ ዳቦውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ገንፎ ሠራሁላቸው፣ በማሽላ።

ቅዳሜ

ጉዴ ፈላ። ሳሎኑ በፓርቲ ሰዎች ሞልቷል። የውሃ መቅጃው ጣሳ ጠፋኝና በዓረብኛ ጮህኩ፤ «ኮዙ የት ገባ?» ጣሳው ስሙ ኮዝ ነው፣ ምን ላድርግ! መንገድ ላይ ግን ኮዝ ማለት የፓርቲ ሰው ነው፣ ስድብ። የፓርቲ ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሐጃ ከውስጥ፣ «የትኛውን ነው፣ ልጄ? እዚያ ሞልቶልሻል!» አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅኩ።

ሚያዝያ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ፕሬዚዳንቱ ወረደ! ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ማርሽ ብቻ ነበር። መንገዱ እልልታ፣ መኪናው ጡሩምባ። እኔም በረንዳ ላይ ወጥቼ እልልልል! ዞር ስል ሙዲሩ ሻንጣ ይዞ በጓሮ በር ሲወጣ። ስለ ፓስፖርቴ ልጠይቅ ስል መኪናው ተነሣ።

እሑድ

የሙዲሩ መ/ቤት ታሽጓል። በሩ ላይ ሰው እየጮኸ ነው። ወታደሩን ለመንኩት፤ ውስጥ ያለው ሁሉ የሕዝብ ነው አለኝ። ፓስፖርቴ ነው እኮ፣ ወንድሜ! የማን ሰው ነሽ? አለኝ። የሙዲሩን ስም ስጠራ ኬላ ሁሉ ይከፈትልኝ ነበር። ዛሬ አልጠራሁትም። ተመለስኩ።

ሐጃ ሰምተው ቶባቸውን፣ የሚከናነቡትን ልብስ፣ አነሡ። አንቺ ከፈራሽ ስሙን እኔ እጠራዋለሁ፣ እናቱ አይደለሁ ወይ፣ ነገ ያላ፣ ተነሺ፣ አብረን እንሄዳለን አሉ።

አልወስዳቸውም። ሕዝቡ ስለ ልጃቸው የሚለውን እኔ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው አይስሙት። ፓስፖርቴም እዚያው ይቅር። መንገድ ላይ ወረቀት አምጪ ቢሉኝ ግን እኔ ማን ነኝ እላለሁ?