በአራተኛው ማረፊያ በር ላይ ስለተተከለው ሰሌዳ

ለተራራ መንገዶች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ረቡዕ፣ ለመክፈቻው ጉዞ ሦስት ቀን ሲቀረው

ጉዳዩ፦ በእኔ ፊርማ የጸደቀ የሐሰት ልኬት እንዲሰረዝና ሰሌዳው ከቅዳሜ በፊት እንዲነሳ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

እኔ አመልካች የአራተኛው ማረፊያ ጠባቂ ነኝ። ከዚህ በፊት በጽሕፈት ቤትዎ የልኬት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የድሮ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ «ሜትሩ» ይሉኛል። ይህን ያነሳሁት ለመመስገን ሳይሆን ከዚህ በታች የምገልጸውን ጥፋት የሠራው ሌላ ሰው አለመሆኑ እንዲታወቅ ነው።

1. በአራተኛውና በአምስተኛው ማረፊያ በሮች ላይ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ተተክሏል። «እስከሚቀጥለው ማረፊያ 38 ኪሎ ሜትር። ለኤሌክትሪክ ብስክሌት አንድ ሙሉ ባትሪ ይበቃል» ይላል። የአምስተኛው እውነት ነው። የእኔ በር ላይ ያለው ሐሰት ነው።

2. ከአምስተኛው ወደ አራተኛው መንገዱ ቁልቁለት ነው። የለካነው እኔና በዚያው ክፍል ይሠራ የነበረው የባለቤቴ ወንድም ነን። በሁለት ብስክሌት ወርደን አራተኛው ስንደርስ ከባትሪው ከግማሽ በላይ ተርፎን ነበር። የሥራው ደንብ በማግስቱ ያንኑ መንገድ ሽቅብ መለካት ነው። በማግስቱ ዘነበ፤ ወገቤንም አሞኝ ነበር። የባለቤቴ ወንድም «አንተ ሰው፣ መንገድ አድሮ አይረዝምም፤ ምን ያደክመናል?» አለኝ። ሳቅሁ። ብስክሌቶቹን መኪና ላይ ጭነን ተመለስን።

ክቡርነትዎ ያኔ የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። በስልክ «ሽቅቡንም ለካችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ» አልኩ። ቅጹ ላይ «አቅጣጫ» በሚለው ቦታ «ሁለቱም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ጥያቄዎ ትክክል ነበር፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

3. ጉሮሮ የምንለው ስፍራ ከማረፊያዬ በሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ይጀምርና ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀጥላል። በአንድ ወገን አለት ነው፤ በሌላው ወገን ገደል ነው። የስልክ ኔትወርክ የለም። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ጭጋግ ይወርዳል። መንገዱ ለአንድ ጎማ ይበቃል፤ ለጎማና ለሰው ጎን ለጎን አይበቃም።

ሽቅብ የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ግን ሙሉ ባትሪ ይዞ ከእኔ ዘንድ የተነሳ ብስክሌት የሚሞተው እዚያ ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ብረት በእግር ብቻ ያንን ዳገት አይወጣም፤ ሰውየው ወርዶ መግፋት አለበት። ክቡርነትዎ፣ ሰው ብስክሌት ሲገፋ በየትኛው ጎን እንደሚቆም አስተውለው ይሆን? ሁሉም በግራ ነው የሚቆመው። ካቴናው በቀኝ ስለሆነ ሱሪያችንን እንዳይነካን ከልጅነታችን የለመድነው ነው፤ ማንም አስቦበት አያደርገውም። ሽቅብ ለሚወጣ ሰው የጉሮሮ ገደል በግራ ነው።

4. ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት መምህርት ከማረፊያዬ ተነሳች። ጓንቷን እያጠለቀች «ጋሼ፣ እውነት አንድ ባትሪ ይበቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። በአገጬ ሰሌዳውን አሳየኋት። «መንግሥት ከጻፈው ምን ይደረግ» ብላ ስቃ ሄደች። ብስክሌቱ በማግስቱ ጉሮሮ ውስጥ አለቱን ተደግፎ ቆሞ ተገኘ። እሷ ከገደሉ ሥር የተገኘችው በሦስተኛው ቀን ነው። የአደጋው ሪፖርት «የብስክሌተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ከምስክሮቹ አንዱ ሆኜ ፈርሜያለሁ። ያኔ ምንም አላወቅሁም ብል ዳግመኛ መዋሸት ይሆናል፤ ጠርጥሬ ነበር።

5. አምና አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ እዚያው ወደቀ። አንድ ቁጥቋጦ ይዞት ዳሌው ተሰብሮ ተረፈ። ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። «ባትሪው እያለቀ መሆኑን መሪው ላይ አየሁት። ግን ሰሌዳው ይበቃል ብሏል። ስለዚህ ከፊት ቁልቁለት ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ» አለኝ። በዓይኑ እያየ የብስክሌቱን ቁጥር ትቶ የእኔን ቃል አመነ ማለት ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ሄጄ ብርቱካን ሰጥቼው ተመለስኩ።

6. ከዚያ በኋላ ከሰባት ዓመት በፊት መሥራት የነበረብኝን ሥራ ሠራሁ። በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በሦስት የተለያዩ ባትሪዎች፣ ከማረፊያዬ እስከ አምስተኛው ወጣሁ። የመጀመሪያው በ31፣ ሁለተኛው በ30.4፣ ሦስተኛው በ31 ኪሎ ሜትር አለቀ። ሦስቱም ጉሮሮ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወርጄ መግፋት ስጀምር፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ በግራ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ብስክሌቱን እዚያው ጥዬ አለቱን በእጄ እየዳበስኩ ወጣሁ።

7. ውጤቱን በደብዳቤ ሁለት ጊዜ አቅርቤያለሁ። ለክቡርነትዎ መድረሱን እጠራጠራለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቅጹን አውጥታ አየችና «አባባ፣ ልኬት የሚታረመው በፈረመው ባለሙያ ነው። እርስዎ ጠባቂ ነዎት» አለችኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ ብላት «እሱማ ያኔ ነበር» አለች። አልፈርድባትም፤ ደንቡን ነው የነገረችኝ።

ሰሌዳውን በጆንያ ሸፈንኩት። የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ከእይታ ሰውረሃል ተብዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝና ገለጥኩት። በጠመኔ «ሽቅብ አይበቃም» ብዬ ጻፍኩበት፤ ዝናብ አጠበው። በአፌ ስነግራቸው ብስክሌተኞቹ ይስቃሉ። ባለፈው ሳምንት አንዱ «ፋዘር፣ ብቸኝነት ነው መሰለኝ፤ ሰው እንዲያድርልዎት ነው አይደል?» አለኝ። ጓደኞቹም ሳቁ። እነሱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ጉሮሮ ሳይደርሱ በዝናብ ምክንያት ተመለሱ። አፍረው ሳይሆን በርዷቸው ነው።

8. የወቅቱ መክፈቻ ጉዞ በየዓመቱ ከላይ ወደ ታች ነበር። ዘንድሮ «ለለውጥ ያህል» ከአራተኛው ተነስቶ ወደ አምስተኛው ሽቅብ እንዲሆን መወሰኑን በማስታወቂያ አይቻለሁ። የተመዘገቡት ስልሳ አራት ናቸው። ዓርብ ማረፊያዬ አድረው፣ ባትሪያቸውን ሞልተው፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ይነሳሉ። አንድ ላይ የሞላ ባትሪ አንድ ላይ ነው የሚያልቀው። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስፍራ፣ ስልሳ አራት ሰው ከብስክሌቱ ይወርዳል። ሁሉም በግራ ይቆማሉ።

ከተመዘገቡት አርባ አንደኛዋ የመጨረሻ ልጄ ናት። እሑድ መጥታ ብስክሌቷን ወጥ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰካችው። እንዳትሄድ ለመንኳት። «አባዬ ደግሞ! መንገዱን አንተው ራስህ የለካኸው አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ያስፈራሃል?» አለችኝ። ልጅ ሳለች «የእኔ አባት የለካው መንገድ» እያለች ለጓደኞቿ ትኩራራበት ነበር። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩና «ጎማሽ ነፋስ አንሶታል» አልኳት። ጎንበስ ብላ ነፋችው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ. «ሁለቱም» ብዬ የፈረምኩበት ቅጽ እንዲሰረዝልኝ፣ ሰሌዳውም ነገ ሐሙስ፣ ካልሆነም ዓርብ ጠዋት እንዲነሳ፤ ሠራተኛ ከሌለ መፍቻ አለኝ፣ ትእዛዙ ብቻ ይድረሰኝ፤

ለ. የቅዳሜው ጉዞ እንዲቀር፣ ወይም እንደ ቀድሞው ከላይ ወደ ታች እንዲሆን፤

ሐ. የመምህርቷ ሪፖርት እንዲታረም። እናቷ በየዓመቱ መጥተው ማረፊያዬ በር ላይ ይቀመጣሉ። ልጃቸው ጥንቃቄ የጎደላት መሆኗን ያነበቡት ከእኔ ፊርማ በላይ ነው። በእሷ ፈንታ የእኔ ስም ይጻፍ።

ቅጣቴን በሚመለከት ደንቡ የሚለውን እቀበላለሁ፤ የባለቤቴ ወንድም ግን ቅጹ ላይ አልፈረመም።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ የምለምነው ተቃራኒውን ነው። የተናገርኩት ይጥፋልኝ።

ከትናንት ጀምሮ እዚህ እየዘነበ ነው። መልስ ቢደርሰኝም ባይደርሰኝም ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀድሜ ተነስቼ ጉሮሮ መግቢያ ላይ እቆማለሁ። መንገዱ ለአንድ ሰው ስለሆነ፣ እኔ ከቆምኩበት የሚያልፍ የለም። ሊያልፍ የሚሞክር ካለ ግን እኔም በግራ፣ በገደሉ በኩል ነኝ።

የደብዳቤዬ ርዝመት ይቅር እንዲባልልኝ እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የአራተኛው ማረፊያ ጠባቂ
የቀድሞ የልኬት ሠራተኛ

ግልባጭ፦
— ለመዝገብ ቤት
— ለመምህርቷ እናት
— ለአርባ አንደኛዋ ተመዝጋቢ፤ ዓርብ ማታ ባትሪዋን ከመስካቷ በፊት እንድታነበው