ብርቱካናማው ንጉሥ ያፈረ ቀን

ውድ ጋሽ ማንደፍሮ፣

የዴንቨር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ውባየሁ አባቷን ያለ ካፖርት ከቤት እንደማታስወጣ አውቃለሁ። እርስዎ ደግሞ ከረባትዎ እንዳይሸፈን ሳይቆልፉት እንደሚወጡ አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ኦክላንድም እንደተዉዋት አለች። ከእኔ በታች ያለው የእርስዎ ቤት ሰው ገብቶበታል። «ሃይ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ልጅ ነው፤ ደረጃው ላይ አቁሞ የሚመረምረኝ ሰው አጣሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ካርቶን ይደርስዎታል። ጌሙ ነው ጋሼ፤ ወጣ! በስልክ «ተሳክቷል» ብቻ ብዬ ዘጋሁብዎት እንጂ ነገሩ ያ ብቻ አይደለም። ገርሞኝ ገርሞኝ አልወጣልኝ ስላለ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልዎት።

ያን ሰሞን ሥራዬ በቋፍ ላይ እንደነበረ አልደበቅሁዎትም። ሳን ሆዜ ያለችው ትንሽ ድርጅታችን ስትለፋበት የከረመችው ጌም፣ እንደ ዳማ ተራ በተራ የሚጫወቱት የነገሥታት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አንዱን ንጉሥ ይሆናል፤ የቀሩትን ነገሥታት ኮምፒውተሩ ያንቀሳቅሳቸዋል። ከእነሱ ጋር ወዳጅነት መግባት ይቻላል። እነዚያን ወዳጆች የሠራኋቸው እኔ ነኝ። መቼ እንደሚታመኑና መቼ እንደሚከዱ እያንዳንዷን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ችግሩ ሁሉም ከዳተኞች ሆነው አረፉት። ጌሙን የሚሞክሩልን ልጆች ተማረሩ፤ አንደኛው እንዲያውም ኪቦርዱን ወረወረው። አለቃዬ ዳግ ቢሮው ጠርቶኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ተጫውቶ እንደሚያያቸውና ካልተስተካከሉ ወዳጅ የሚባለውን ነገር ከጌሙ ነቅሎ እንደሚያወጣው ነገረኝ። እነሱ ሲወጡ እኔም መውጣቴ ነው። በድርጅቱ ውስጥ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከመኪና አውርጄ ደረጃው ላይ ስታገል እርስዎ ደረሱ። «አይሆንም ጋሼ» ብልም ሞኒተሩን ነጥቀውኝ ቀድመውኝ ወጡ። ምን እንደሆነ ነገርኩዎት። በውጭ ጉዳይ ፕሮቶኮል ውስጥ ስንቱን መልእክተኛ ሲቀበሉና ሲሸኙ የኖሩ ሰው፣ የነገሥታት ጨዋታ ሲባሉ ዝም ብለው ሊወርዱ ነው? ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይሄ ብርቱካናማው ማነው?» አሉኝ።

«ጎረቤትዎ ነው። ወዳጅ እንሁን እያለዎት ነው። እሺ ካሉ እዚህ ጋ ክሊክ ያድርጉ።»

«ምን ይዞ መጣ?»

«ምንም።»

«ባዶ እጁን!» አሉና ቅር እያላቸው እንደሚያስተናግዱ ሰዎች አንገትዎን ነቅንቀው ክሊክ አደረጉ። ቀጥለው ያደረጉትን ግን እስከዛሬ አልረሳውም። በእሱ ወሰን ላይ የነበረውን ወታደርዎን በሙሉ አነሱት።

«ኧረ ጋሼ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ዘቡን አያንሱት!»

«በወዳጅ ደጅ ዘብ ይቆማል? ነውር አይደለም?»

ብዙ አልቆየም። ብርቱካናማው ንጉሥ በባዶው ወሰን ገብቶ ከተሞችዎን አንድ በአንድ ለቀመልዎ። በዚህ ጌም የተናደደ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ተነስቶ የኮቱን ቁልፍ የቆለፈ ግን አላየሁም። ኮምፒውተሩን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«በማን ፊት ነው የተማማልነው?»

ሳቄ መጣ። «በማንም ፊት። እርስዎና እሱ ብቻ ናችሁ።»

«ታዲያ ምን ያሳፍረዋል? ምስክር የሌለው ቃል ኪዳን ምን ሊረባ! አንቺ ልጅ፣ ዓይን አውጣ አድርገሽ የፈጠርሽው አንቺ ነሽ።»

ወረዱ። ተቀይመውኝ ቀሩ ብዬ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በር ተንኳኳ፤ ከነሙሉ ልብስዎ ቆመዋል። «አስነሺው» አሉኝ፤ እንደምን ዋልሽም የለ።

ያው ጨዋታ፣ ያው ብርቱካናማ፣ ያው ወዳጅነት። እርስዎም ያው ነዎት፤ ዘቡን እንደገና ሊያነሱ ነው። ግን ከማንሳትዎ በፊት በወሰናችሁ መካከል የነበረችውን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ፣ ከያዟቸው ሁሉ የምትሻለዋን፣ ለአረንጓዴዋ ንግሥት ሰጧት። ንግሥቲቱ ወዳጅዎም ጠላትዎም አልነበረችም።

«ጋሼ፣ በነፃ?»

«መሃላችን ትቀመጥ። ያለ ሰው ሁለት ሰው አይታረቅም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ሻይ እየጠጡ ነበር ያዩት። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ደርቄ ነበር። ብርቱካናማው እንደ ልማዱ ጦሩን ወሰኑ ላይ አከማቸ። አሁን ይገባል ብዬ ጠበቅሁ። አልገባም። ተራው ደረሰው፤ አሁንም አልገባም። ከዚያ ወታደሮቹ ጥቂት ጥቂት እያሉ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጋሼ፣ ሌላው ቢቀር እሱን አውቀዋለሁ የምል ሰው ነበርኩ! የጎረቤቱን ወሰን ባዶ ካየ እንደሚከዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወሰንዎ ባዶ ነበር። እጄን ባፌ ጫንኩ። እንደ ፍርሃት ያለ ነገር ሰውነቴን ወረረኝ፤ ቤተ መቅደስ ሲገቡ የሚሰማው ዓይነት።

እርስዎ ከወረዱ በኋላ ኮዱን ከፍቼ ምክንያቱን ፈለግሁት። ድሮ ጽፌ የረሳሁት መስመር ነው። ንጉሡ ከመክዳቱ በፊት፣ ከተከዳው ሌላ ማን እንደሚነሳበት ዙሪያውን ያያል። ንግሥቲቱ ሩቅ ስለምትሆን ማንም ቢጫወት ያቺ መስመር ሥራ ላይ ውላ አታውቅም። እርስዎ አምጥተው አጠገቡ አስቀመጧት። ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ እንኳ መደነቄ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። የጻፍኩት እኔ፣ ያነበቡት ግን እርስዎ ነበሩ፤ ያውም አንድ ፊደል ሳያዩ። ሲወጡ በሩ ላይ ያሉኝንም እስከዛሬ እያሰላሰልኩት ነው፤ «ክፉ እኮ አይደለም፤ ሰው አጥቶ ነው» ነበር ያሉት።

ሳምንቱን ሙሉ እሱን ስሠራ ከረምኩ። ከእንግዲህ ማንኛውም ወዳጅነት ያለ ምስክር አይጸናም፤ ሁለቱ ሲማማሉ ሦስተኛ ንጉሥ ይጠራል። በምስክር ፊት የከዳ በሰሙት ነገሥታት ሁሉ ዘንድ ይረክሳል። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር በእንግሊዝኛ ላስረዳቸው ብል ምላሴ ተሳሰረ። ተዉት፣ ታዩታላችሁ አልኳቸው።

ቀኑ ደረሰ። ዳግ ተቀመጠ፤ ኪቦርድ የወረወረው ልጅም ከኋላው እጁን አጣምሮ ቆመ። ዳግ ከብርቱካናማው ጋር ወዳጅነት ገባ፤ አረንጓዴዋ ንግሥት ምስክር ሆነች። ከዚያ እኔን እያየ ፈገግ አለና የወሰኑን ዘብ ብቻ ሳይሆን የዋና ከተማውንም ዘብ ጭምር አነሳው። ሆን ብሎ እኮ ነው! ዋና ከተማን የሚያህል ሲሳይ ተከፍቶለት ይሉኝታው ይበቃው እንደሆነ እኔም አላውቅም። ብርቱካናማው ጦሩን አስከትቶ መጣ። በሩ ላይ ደረሰ። ልጁ «ይኸው!» አለ። እኔ በሆዴ፣ እመብርሃን አታዋርጂኝ እላለሁ።

በሩ ላይ ቆመ። ተራው አለፈ። ቀጥሎ ጦሩን አንቀሳቀሰ፤ ወደ ከተማዋ ግን አላስገባውም። በከተማዋ ጎን አሳልፎ ከማዶ፣ የሁለቱም ጠላት የሆነው ቀዩ ንጉሥ በሚመጣበት አቅጣጫ አቆመው። የወዳጁን ባዶ ከተማ ሊጠብቅለት!

ጋሼ፣ ጥቃትን ሲተው ጦሩን ሥራ እንዳያስፈታ ጽፌ ነበር፤ ይህን አድርግ ብዬ ግን አልጻፍኩለትም። ልጁ እጆቹን ፈታ። ዳግ ከማውሱ ላይ እጁን አንስቶ፣ «ፈርቶ ነው?» አለኝ።

«አይደለም፣ አፍሮ ነው» አልኩት።

ወደ ስክሪኑ ዞረና «ወዳጆቹ ይቆያሉ» አለ። በ880 አውራ ጎዳና ወደ ኦክላንድ ስነዳ ዕንባዬ መንገዱን ከለለብኝ፤ መኪናውን ጥግ አቁሜ አለቀስኩ። ቤት ስደርስ እርስዎ ወደ ውባየሁ ለመሄድ ሻንጣ ሲዘጉ አገኘሁዎት፤ በዚያ ግርግር ምን ልናገር?

አሁን ደግሞ ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግረው። ባለፈው እሁድ ከሰዓት ከካርቶኑ አውጥቼ እንደ ማንኛውም ሰው ተጫወትኩት፤ ለሥራ ሳይሆን ለደስታ። ብርቱካናማው ወዳጄ ነበር፤ ንግሥቲቱ ምስክራችን። ቀዩ ጠላት ከሁለታችን ይበረታ ነበርና ብርቱካናማው ጦሩን ሁሉ ወደዚያ አዘመተ። ትልቁን ከተማውን ባዶ አድርጎ ጀርባውን ሰጠኝ። ያቺን ከተማ ብይዝ ቀዩን እችለዋለሁ፤ ጨዋታው የእኔ ነው። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እሱ ሰው አይደለም፤ እኔው የቀመርኩት ቁጥር ነው። ጦሬን በሩ ላይ አደረስኩ።

ንግሥቲቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ነበረች። ምንም አላደረገችም፤ እንዲሁ ተቀምጣ ነበር። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ጣቴ ማውሱ ላይ ቀረ። እርስዎ ወንበሩን ስበው ከጎኔ የተቀመጡ መሰለኝ። ጦሬን መለስኩና ከብርቱካናማው ጎን አሰለፍኩት።

ቀዩ አሸነፈን። መጨረሻዋ ከተማ ስትወድቅ ሁለታችንም እዚያው ነበርን።

ውባየሁ ሲዲውን ታስነሳልዎታለች። ለገና እመጣለሁ፤ እኔና እርስዎ ወዳጅነት እንገባለን፣ እሷም ምስክር ትሁነን። እስከዚያው ካፖርትዎን ይቆልፉ።

ደግሞ ጋሼ፣ ማንም እኮ አላየኝም።

አክባሪ ልጅዎ
ኢየሩስ
ኦክላንድ