ሰባተኛው ቅጽ የት ገባ?

ሰኞ፣ ሜይ 6፣ 1996

ሰባት ቁጥር የለም። ሦስት ጊዜ አገላብጬ አየሁ። ከስድስት ቀጥሎ ስምንት ነው።

አለቃዬ ብራያን የሙከራ ቅጾቹን፣ ለእያንዳንዱ ሙከራ አንድ፣ ታይፕ እንዳደርግ የሰጠኝ ጠዋት ነው። ድርጅታችን እሳት ለሚያጠፉ አውሮፕላኖች አዲስ የውኃ ታንክ ሠርቷል፤ በሩን የሚከፍተው ኮምፒውተር ነው። የፕሮቪንሱ መንግሥት አምና ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለ አዲስ መሣሪያ ሳይፈተን አይገዛም። የሙከራው ውጤትም በሙሉ መቅረብ አለበት። ሕጉን ፎቶኮፒ ያደረግሁት ራሴ ነኝ። "በሙሉ" ይላል።

ብራያንን ጠየቅሁት።

"የቁጥር ስህተት ነው። ስምንቱን ሰባት ብለሽ ጻፊው" አለኝ ፈገግ ብሎ።

ፈገግታው አልጣመኝም።

ማክሰኞ

ሲ-ትሬን ባቡር ላይ ይሄንኑ ሳሰላስል ከምወርድበት አለፍኩ።

ቅጾቹ ላይ የፈረሙት ጋሼ ታደሰ ናቸው። ደብረ ዘይት የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፤ እዚህ የታንኩን በር የሚገጥሙት እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ዛሬ ከወርክሾፕ ወደ ቢሮ መጥተው ነበር። ሲመለሱ ፕላስ ፊፍቲን ላይ፣ ሁለቱን ሕንፃ በሚያገናኘው መሸጋገሪያ፣ ደረስኩባቸው።

"ጋሼ፣ ሰባተኛው ቅጽ የት ገባ?"

በመስተዋቱ ቁልቁል መንገዱን እያዩ፣ "ልጄ፣ የተሰጠሽን ታይፕ አድርጊ" አሉኝ።

ዓይኔን አላዩም። እሳቸውም አሉበት ማለት ነው?

ረቡዕ

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ደወለ። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ሰሜን ጫካ ውስጥ እሳት ያጠፋል፤ በእግሩ፣ በአካፋና በቱቦ።

"ሲስ፣ በዚህ ሰመር አዲስ ታንክ ይመጣልናል አሉን። አይ ካንት ዌይት!"

"ውኃው ያለ ቦታው ቢወርድስ?"

"ኖ ዌይ። ዛፍ ይሰብራል እኮ። እኛ ላይ ከወረደ..." አልጨረሰውም። "ዋት? ምን ሆንሽ?"

"እንዲያው ነው" አልኩት። ዋሸሁ።

በእጄ ያለው ምንድን ነው? አንድ የጠፋ ቁጥር። አንድ ፈገግታ። ዓይናቸውን ያሸሹብኝ አንድ ሽማግሌ። ማስረጃ፣ ምንም። የፕሮቤሽን ጊዜዬም ገና አላለቀም። ብራያን ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ ስልክ ሲያወራ ዋለ። ስሜን የጠራ መሰለኝ።

ሐሙስ

ጋሼ ታደሰ ራንድል ሰፈር፣ አፓርትመንቴ ድረስ መጡ። ከሥራ መልስ ቀጥታ። ቁጭ ሳይሉ ከኮታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ሰባት ቁጥር!

"በሩ ዘግይቶ ተከፈተ። ውኃው ሠራተኛ ይቆምበታል ተብሎ ባንዲራ የተተከለበት ቦታ ላይ ወረደ። ስምንተኛውን በማግስቱ ሠራን፤ ልክ ሆነ" አሉ። "ብራያን ቅደደው አለኝ። መቅደድ አቃተኝ። መናገርም አቃተኝ።"

"እንዴት አስቻለዎት ጋሼ?"

"በስልሳ ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል፣ ሰብለ?"

ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። አመንኳቸው? ግማሽ በግማሽ። በሩን የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ጥፋታቸውን በብራያን ለማላከክ እኔን መጠቀማቸው ቢሆንስ?

አርብ

በሕጉ የተቋቋመው ኮሚቴ የላካት ገምጋሚ መጣች። ረጋ ያለች፣ ነጭ ፀጉሯን ያሳጠረች ሴትዮ። ብራያን ሪፖርቱን ሰጣት።

"ሁሉም ይሄ ነው?"

"ሁሉም ነው" አላት።

ሰባተኛውን ቅጽ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። "ይሄም አለ" ከማለት በቀር የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋ።

የብራያን ፊት ደም መሰለ። "እሱ አይቆጠርም። ነፋስ ነበር።"

ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። "እዚህ ላይ 'ነፋስ የለም' ይላል" አለች። ሙከራው ነገ እንዲደገም አዘዘች። የምጽፈው እኔ እንድሆንም።

ቅዳሜ

ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አውሮፕላኑ አለፈ፣ ውኃው ወረደ። አንደኛ፣ ልክ። ሁለተኛ፣ ልክ። እስከ አምስተኛው ሁሉም ልክ። ብራያን ዞር ብሎ አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምናልባት እውነትም ነፋስ ነበር። ምናልባት ሽማግሌው ተጫውተውብኛል።

ስድስተኛው ላይ በሩ ዘገየ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። ከዚያ ውኃው ተዘረገፈ፤ ባንዲራዎቹን ከነእንጨታቸው ሰባብሮ ጭቃ ውስጥ ቀበራቸው።



አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጋሼ ታደሰ ከሥሩ ገቡ። የኮምፒውተሩን ሳጥን ነክተው እጃቸውን ቶሎ ሳቡ። "ደጋግሞ ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል ትእዛዝ ያዘገያል" አሉ። የበሩ ጥፋት አልነበረም። ሁሉንም ጻፍኩ። ሴትዮዋ "እስኪስተካከል አይገዛም" ብላ ፈረመች። ብራያንም ፈረመ።

ሲሄድ "ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮዬ ነይ" አለኝ። ሊያባርረኝ ይሁን ሊያናግረኝ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።

ጋሼ ታደሰ በመኪናቸው ወደ ቤት መለሱኝ። ሳጥኑን እንዴት ማቀዝቀዝ እንደሚቻል መንገዱን ሁሉ አወሩልኝ። ግማሹን እንኳ አልሰማሁም። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።