የደብረ ብርሃን ወንበር በሮቢት ፀሐይ

ማሕሙድ፣

ፒካፗን ፀሐይ ላይ እንዳታቆማት። ወንበሮቿን አዲስ ልብስ አሰፍቼላቸዋለሁ።

ያሰፋሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ስለነበር፣ ወንበር ሰፊው የበግ ፀጉር የመሰለ ወፍራም ጨርቅ ላይ ሲያስቀምጠኝ ገነት የገባሁ መሰለኝ። «በዚህ ይሁን!» አልኩ። ጣርማ በርን አልፌ ቆላው ሮቢት ስደርስ ቂጤ ተቀቅሎ ነበር።

ስትነዳ እርጥብ ፎጣ አንጥፍበት። ስትወርድ ሱሪህ ረጥቦ ሰው ከሳቀብህ የራስህ ጉዳይ ነው።

የተቀደደውን ብቻ አሰፍተህ ና ብለኸኝ ነበር።
አውቃለሁ።
ስፖንጁም ተቀይሯል።

አንተም ብትሆን፣ አባትህ ከሞቱ ጀምሮ «የሳቸው ወንበር አይነካም» እያልክ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሽቦ አስወግተኸኛል። ትንፍሽ ብያለሁ?

አሮጌው የሾፌር ወንበር ስፖንጅ አልጋህ ሥር ነው። ሰፊው ሊጥለው ሲል ነጥቄ ጋቢና ከጎኔ አስቀመጥኩት። አባትህ ተቀምጠው ያጎደጎዱት ቦታ እንዳለ ነው።

አጣዬ ሄጃለሁ። ንዴትህ ሲበርድ ደውል።

ከሰፊው ስመለስ ደብረ ሲና ላይ አንድ መንገደኛ ጋቢና ጫነኝ ብሎ ለመነኝ።
«ሰው አለበት» አልኩት።

ባምላክ