የማማው ጠባቂ ኮት

ለእታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ባለቤትሽ አሁንም ሬዲዮኑን ታቅፎ ያንኮራፋል? እኔ ካንቺ ናፍቆትና የመርፌ ቀዳዳ አላይ ካለው ዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ ተመስገን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ብቻሽን ከምትንገላቺ የልብስ ስፌት ቤቱን ዝጊና እኔ ጋ ነይ፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ ብለሻል። እያነበብኩ አለቀስኩ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለአንድ ሰው ብሎ ምግብ መሥራት እንዴት እንደሚያስጠላኝ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። መልሴን ከመንገሬ በፊት ግን የሰሞኑን ጉዴን ላጫውትሽ።

ቁልፍና ገበር አልቆብኝ በጠዋት አውቶቡስ ዩኒቨርሲቲ ወዳለባት ከተማ ሄድኩ። ምን የመሰለች ከተማ መሰለችሽ! ግንቦቿ ከማርጀታቸው የተነሳ ሐረግ ወሯቸዋል፤ ተማሪው መጽሐፍ ታቅፎ ይሯሯጣል። አንድ መምህር ካባቸው መሬት እየጠረገ ሲያልፉ መቀስ ይዤ ልከተላቸው ምንም አልቀረኝ። ታውቂኝ የለ፣ ሰውን ሰላም ሳልል ትከሻውን በዓይኔ የምለካ ነኝ። እህቴ ደንበኛዋን ለፕሮቫ ሁለቴ አትጠራም፣ አንዴ አስለብሳ ታበቃለች እያልሽ ጎረቤቱን የምታሰለቺበት ሙያዬ ነው።

ቁልፌን ገዝቼ ጊዜ ስለተረፈኝ የጥንቱን ማማ ልይ ብዬ ብጠጋ፣ ጠባቂው በሩ ላይ ቆመዋል። ጠጉራቸው ገብስማ፣ ፊታቸው ሳቂታ። የኮታቸው የመሃል ቁልፍ ግን በሽቦ ታስሯል። በሽቦ! ኧረ ይሄን የመሰለ ወንጀል ማን ሠራው ብላቸው፣ እኔው ነኝ፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እኔና መርፌ ተኳርፈናል አሉኝ። አላስችለኝ አለና ኮቱን አስወልቄ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሰፋሁላቸው። እሳቸው በሸሚዝ ቆመው ብርዱ እያንቀጠቀጣቸው ያስቁኛል፤ ተማሪዎቹ በኛ ይስቃሉ። ይሳቁ!

ውለታ ለመመለስ ብለው ራሳቸው ማማው ላይ ይዘውኝ ወጡ። በየመታጠፊያው እየቆሙ የግንቡን ታሪክ ይነግሩኛል። እኔ እንዳርፍ አስበው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትንፋሽ ያጠራቸው እሳቸውን ነው! ሲነቃባቸው ሁለታችንም ግድግዳ ተደግፈን ሳቅን። ከላይ ሲያዩት የከተማዋ ጣሪያ፣ ወንዙ፣ ድልድዩ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ደስ አለኝ፣ እታለም። ደስታ እንዲህ እንደነበረ ረስቼው ነበር። አንቱታውን እዚያው ማማው ላይ ትተነው ወረድን።

ኮቱ ከቁልፉ በቀር ሁለመናው እንዳለቀ ነግሬው ጨርቅ ልንገዛ አብረን ሄድን። እሱ ግራጫ ይላል፣ እኔ ጥቁር ሰማያዊ። ጨርቅ ሻጯ ጭቅጭቃችን ሲሰለቻት፣ እመቤቴ፣ የሚለብሰው ባልሽ አይደለም እንዴ፣ እሱ ይምረጥ እንጂ አለችኝ። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ፤ እኔም ጨርቁን ማገላበጥ ያዝኩ። ማናችንም አላረምናትም። የተገዛው ግን ጥቁር ሰማያዊው ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ ለክፍሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ለጊዜው ሌላ እንግዳ ይረፍበት። ሥራ ይዣለሁ፤ ይህን ኮት ጀምሬ ጥዬው መምጣት አይሆንልኝም። ባለፈው እሑድ ሄጄ አስለበስኩት። ትከሻው ላይ ልክክ አለ፣ እጅጌው ቢሉሽ፣ ወገቡ ቢሉሽ፣ እንከን አይወጣለትም።

የፊታችን እሑድ ለሁለተኛ ፕሮቫ ቀጥሬዋለሁ። እንደማየው ከሆነ ሦስተኛም ሳያስፈልገው አይቀርም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ አይለየው። ባለቤትሽን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን ጮክ ብለሽ እንዳታነቢለት።

ሙያዋ የጠፋባት ታናሽ እህትሽ