ያልተጠየቀ ዳኝነት

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ዓይንህስ እንዴት ነው? ጠብታውን እማዬ በሰዓቱ ታደርግልሃለች ወይስ እንደ ልማድህ «ተሽሎኛል» እያልክ ትሸሻታለህ? የእኔ ሰውነት ደህና ነው። የደብዳቤ ወግ እዚህ ላይ «ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም» በይ ይለኛል። ሆኛለሁ፣ አባዬ። ተናድጃለሁ። መጀመሪያ በመምህሬ፣ ቀጥሎ በክፍል ጓደኞቼ ነበር የተናደድኩት፤ አሁን ግን በአንተ ነው።

ከሥሩ ልንገርህ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት የሚያስተምረን ሰውዬ «የሬሳ ምርመራ» የሚለው ልማድ አለው። እናንተም ከተማ ቅርንጫፍ ካለው የሕግ ትምህርት ቤታችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ አሮጌ አቤቱታዎች ያመጣል፣ የባለጉዳዮቹንና የጸሐፊውን ስም በጥቁር ቀለም ይሸፍናል፣ አባዝቶ ያድለናል። እኛ ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ክሱ በምን እንደሞተ እንፈልጋለን። ማክሰኞ ያደለንን ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳየው ጆሮዬ ጋለ። «እንባዬን በወረቀት ይዤ ቀርቤያለሁና የተከበረው ፍርድ ቤት በትዕግሥት ያንብብልኝ።» ይህን መስመር ከአንተ በቀር የሚጽፍ ሰው አላውቅም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ዣንጥላው ሥር፣ አንድ እግሯ በካርቶን በተደገፈች ጠረጴዛህ ላይ ስትጽፈው እያየሁ ነው ያደግኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በውጤቱ ሁሉ ስለሚከራከር «ይግባኝ» የምንለው የጠበቃ ልጅ ተነስቶ በአልቃሽ ድምፅ አነበበው፤ መምህሩም አልከለከለውም። እኔም ሳቅኩ። ይህን ሳልነግርህ ባልፍ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል። እንዳያውቁብኝ ብዬ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ አባዬ።

ጉዳዩ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን እኔ እንዴት እንዳነበብኩት እወቅልኝ። ባሏ ሲሞት ወንድምየው ላጽናናት ብሎ መጣና ከነሻንጣው ቀረ። በወሩ እሷን አስወጣት፣ የስፌት መኪናዋን እንኳ አልሰጣትም። አቤቱታው አምስት ገጽ ነው። ጋብቻዋን ይተርካል፣ ግድግዳውን ማን እንደገነባ ይተርካል፣ እንባዋማ በየገጹ ነው። መጨረሻው ላይ ቤቱ የእኔ መሆኑ ይታወቅልኝ ይላል፤ በቃ። ሰውየው ለቅቆ ያስረክበኝ የሚል ቃል የለበትም። ፍርድ ቤት ደግሞ ያልተጠየቀውን ዳኝነት አይሰጥም። እናም ቤቱ የአንቺ ነው ተብሎ ተፈረደላት፤ ይውጣ ስላልተባለ ሰውየው ከነካልሲው እዚያው ተቀምጧል፣ እሷ ፍርዱን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከእህቷ ጋር ተዳብላለች።

አሥራ አንድ ስህተት አወጣሁ። እልኸኛ ነኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንዳይጠረጥሩ አንድ ነጥብ እንኳ አላለፍኩም። መምህሩ ወረቀቴን ከፍ አድርጎ «ዳኛ እንዲህ ነው የሚያነበው» አለ። ቀጥሎ ስለ ጸሐፊው ነገረን። ቢሮው የሴትየዋን ጉዳይ እንደገና ለማንሳት ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን የሚያረጋግጥለት ሰው ሲፈልግ፣ አንድ ሽማግሌ በገዛ እግሩ መጥቶ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እርጅና ነው» ብሎ ፈረመ። የማመልከቻ መጻፊያ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ጠረጴዛውም ከበሩ ተነሳ። ይህንን የሰማሁት ከሃምሳ ሰው ጋር እኩል ነው። ባለፈው ወር ደብዳቤህ ላይ ያነበብኩት ግን «ጀርባዬን ትንሽ አሞኝ ዐረፍ ብያለሁ» የሚል ነበር። ጀርባህን!

ያኔ የመጨረሻውን ገጽ ገልብጬ ቀኑን አየሁ።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ያን ሳምንት ቀዶ ጥገናው ተደርጎልህ ዓይኖችህ በፋሻ ታስረው አልጋ ላይ ነበርክ። እማዬ ነበረች የምታጎርስህ። ወንበርህ ላይ ማን እንደተቀመጠ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ልብስ ሰፊዋም ታውቃለች፤ እሷን ምን ብለህ አግባብተህ ዝም እንዳሰኘሃት እግዜር ይወቅ። በአንተ መክፈቻ እየጀመርኩ በዚያ የዕረፍት ሳምንት ስንቱን እንደጻፍኩ አላስታውስም፤ የእሷንም ከነታሪኳ ረስቼው ነበር። የእሷን የጻፍኩ ዕለት ከሰዓት ቤት ስገባ «እስቲ አንብቢልኝ» አልከኝ። ለመውጣት ጫማዬን እያሰርኩ «አባዬ፣ እኔ እኮ የሕግ ተማሪ ነኝ፤ አንተ አርፈህ ተኛ» አልኩህ። «የመጨረሻውን ብቻ፣ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ብቻ» አልክ። ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነበር። በሩን ዘግቼ ሄድኩ።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። ማነው አድነኝ ያለህ? የትኛው ማመልከቻዬ ላይ ነው ጥፋቴን ተሸከምልኝ ያልኩት? ለበሩ ዘበኛም፣ ለፎቶ ኮፒዋ ልጅም፣ ለተከሳሹም ለከሳሹም «ልጄ ዳኛ ትሆናለች» ስትል ኖረሃል። አዎ፣ ዳኛ መሆን እፈልጋለሁ። ዛሬም እፈልጋለሁ፤ ስመኘው የነበረውን ወንበር እንደ ድሮው እመኘዋለሁ። ግን በአባቷ የውሸት ፊርማ ተደግፋ የምትቀመጥ ዳኛ ምኗ ከዚያ ከነሻንጣው ከቀረው ሰውዬ ይሻላል? ደግሞስ አስበኸዋል? የሰውየው ጠበቃ የሐኪም ቤት ወረቀትህን ያገኘ ቀን ቃልህ ውድቅ ነው፤ የሴትየዋም ነገር ዳግመኛ አፈር ይበላል። ሠላሳ ዓመት ሰው ያማከርክ ብልህ ሰው፣ ለእኔ ስትል አንዴ የተዘረፈችውን ሁለተኛ ልታስዘርፋት! የፍቅር ነው አትበለኝ። የፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ያለ ፈቃድ ለሰው አቤቱታ የጻፈ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ አግኝቼበታለሁ። ዛሬ ጠዋት የመምህሩን ቢሮ አንኳኩቼ አንድ ገጽ ጽፌ ፈርሜ ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ማክሰኞ ልጁን ማስቆም ነበረብኝ» አለ። ከዚያ ኮሚቴው እስኪጠራኝ እንድጠብቅ ነገረኝ። ምረቃው ሁለት ወር ነው የቀረው፤ እማዬን ቀሚስ አታሰፊ በላት፣ ወይም አትበላት፣ እኔ እነግራታለሁ። ፈቃድህን ግን ይመልሱልሃል። ለዚያ ጭምር ነው የፈረምኩት፤ ጠረጴዛዋ ዝናብ ሳይነካት ወደ ቦታዋ ትመለስ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የልብስ ሰፊዋን አዲስ አቤቱታ ረቂቅ ልኬልሃለሁ። የምትፈርመው የቢሮው ጠበቃ ናት፤ ረቂቁን ግን እኔ ልሥራው ብዬ ብለምነው መምህሩ ፈቀደልኝ። ቅጣት ይሁን ምሕረት እሱ ያውቃል።

እንዲህ ተናድጄብህም ጉልበትህን እስማለሁ። ፈጣሪ ዓይንህን ይጠብቅልኝ፤ ለእማዬ ዕድሜዋን ያርዝምላት፣ አንተን የምትችልበት ትዕግሥትም ይጨምርላት። ይቅርታውን በወረቀት አልልክልህም፣ መጥቼ ፊትህ ቆሜ ነው። አሁን የምጠይቅህ ዳኝነት አንድ ብቻ ነው፤ ረቂቁን አንብብልኝ። የመጀመሪያውን መስመር አልነካሁትም፣ የአንተው ነው፤ የፈለገ ይሳቅ። የመጨረሻውን ገጽ ግን ቀስ ብለህ፣ ዓይንህ እምቢ ካለ እማዬ ጮክ ብላ ታንብብልህ። የጎደለ ካለ በቀይ አስምርበትና እስከ ሰኞ መልስልኝ።

ጫማዬን አውልቄ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ልጅህ